መልስ

በደብረ ብርሃን ሆስፒታል፣ ከማዋለጃው ክፍል በር፣
ባለመስታወት ሳጥን አለ፣ ዓይኑን ሳይከድን የሚያድር፤
ውሃ፣ ብስኩት፣ ማንጎ ጭማቂ፣ ዳይፐርም ታች ተደርድሮ፣
የምሞላው እኔ ነኝ፣ ቁልፉ ከወገቤ ታስሮ።

ድሮ — ድሮ የምለው አምና ነው — ሳንቲም ይውጥ ነበር አፉ፣
ብር የነተበ እንደሆን፣ ይተፋዋል ከነጉድፉ፤
ስንቱን የደከመ አሥር ብር፣ በቴፕ የታከመ አምሳ፣
በጭኔ ላይ እየተኮስኩ፣ አጉርሼዋለሁ ለምሳ!

ዘንድሮ ሥልጡን ሆነ። የሳንቲም አፉ ተለጎመ፣
ጥቁርና ነጭ ነቁጥ፣ ከግንባሩ ላይ ታተመ።
ስልክ ያስጠጉታል፤
ምሥጢር ቁጥር ይነካሉ፤
አንድ ድምፅ፣ ከዚያ ዱብ።
ያ ነው።
ነርሶቹ ወደዱት። እኔም ወደድኩት፣ አልዋሽም፤
ሳንቲም ስቆጥር የሚጠቁር ጣቴ፣ ከእንግዲህ አይጠቁርም።

ጥቅምት ነበር። የኛን አገር ብርድ የቀመሰው ያውቃል፤
መብራት ሄዶ ሲመለስ፣ ሳጥኑ ራሱን ይስታል።
ዘበኛው እንግዳወርቅ ደወለ፤ ጋቢ ደርቤ መጣሁ፣
ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት፣ ከሳጥኑ ፊት ሰው አየሁ።

ጋሽ ሸዋቀና ይባላሉ፤ ከሞላሌ ነው የመጡ፣
ልጃቸው ምጥ ላይ ናት፤ ከማታ ጀምሮ አልተቀመጡ።
መቶ ብር በእጃቸው፣ ያልታጠፈ፣ ለክፉ ቀን ያኖሩት፤
መስታወቱን ከጠርዝ ጠርዝ፣ አፍ ፍለጋ ሲዳብሱት፤
«ጤና ይስጥልኝ» አሉት ሳጥኑን፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው፣
«ጌታው፣ ውሃ ነው የፈለግኩ፤ ብሩን ወዴት ልክተተው?»

ሳጥኑ በራ። «ስልክዎን ያስጠጉ» የሚል ጽሑፍ ፈነጠቀ፣
ፊደሉን አላዩትም፤ ብርሃኑ ፊታቸው ላይ ደመቀ።
«አይናገርም እንዴ?»
«አይናገርም።»
«ታዲያ ምን አድርጉ ይላል?»
«ስልክ ይላል።»
አወጡ። ባለ ቁልፍ ስልክ፣ በላስቲክ ወገቡ የታሰረ፣
በውስጡ አንድ ቁጥር ብቻ፣ የልጅቱ፣ የሰፈረ።

በስልኬ ከፈልኩ፤ ሃያ ብር። ዱብ አለች ውሃ።
ደንግጠው ሸሹ፤ ከዚያ ሳቁ፣ በመተላለፊያው በረሃ።
መቶውን ዘረጉልኝ። «መልስ የለኝም» አልኳቸው፣
«ከእኔ ይሁን ግድ የለም» ብል፣ ተቆጣ ፊታቸው።
«ውሃ በነፃ ምንጭ ነው። ይኼ ደግሞ ምንጭ አይደለ።
መልሱ እዚህ ይደር፤ ስልክ የሌለው፣ እንደኔ የመጣ ካለ
ይጠጣበት» አሉና፣ ጠርሙሷን በጋቢ ሸፈኑ፣
ስሜን እንኳ ሳይጠይቁኝ፣ ወደ ተዘጋው በር አቀኑ።

ሰማንያ ብር። አራት ውሃ።
ደብተር ገዝቼ ጻፍኩት፦ «የጋሽ ሸዋቀና መልስ»።
አንዱን ከጅሩ የመጡ አክስት፣
አንዱን ባትሪው የሞተበት ሾፌር፣
አንዱን ኔትወርክ የከዳው ሐኪም ጠጣው።
(ሥልጡንም ይጠማል ለካ!)
አራተኛውን የጠጣች ልጅ፣ አሥር ብር ደብተሩ መሃል አኑራ ሄደች፤
ሂሳቡም አላልቅ አለ።

ከአዲስ አበባ ቢሮ ተደወለ፦ «ይኼ ስልክ የማን ነው?
በአንድ ወር አርባ ስድስት ውሃ! ሰው ነው ወይስ ግመል ነው?»
«ሰዎች ናቸው» አልኩ።
«በምን ተመዘገቡ?»
«በእርሳስ።»
ስልኩ ዝም አለ። እስከ ዛሬ ዝም እንዳለ ነው።

ትናንት የሳንቲሙን ሆድ ከፈትኩ፣ ዝገቱን ልጠርግ ብዬ፤
አፉ ከታሸገ ስምንት ወሩ፤ ባዶ መስሎኝ ነበር ሆዬ።
የቴፑ ጥግ ተላጧል፣ በሰው ጥፍር፣ በቀስታ፣
አሥራ ሰባት ሳንቲም ተኝቷል፣ ጨለማው ውስጥ በጸጥታ።

ማን ጨመረው? መቼ? ማሽኑ አይቆጥራቸውም፤
በሂሳቡ አልገቡም፤ ውሃም አልጠጡበትም።
አንደኛዋ ሳንቲም፣
እንደ ክርስትና ልጅ ማተብ፣
በሰማያዊ ክር ተጠምጥማለች።

አሥራ ስድስቱን ደብተሩ ላይ ጻፍኩ።
እሷን መለስኳት።